የዳኞች ደመወዝ በማን ይወሰናል? የአገሮች ልምድና የሚነሱ ጥያቄዎች

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በየትኛውም አገር በዋናነት የበጀት ጉዳይ ነው። የዳኛ ደመወዝ ግን ከበጀት ጉዳይነቱ ባሻገር የሕገ መንግሥት ጥያቄ ሆኖ መነሳቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ከሥራው ባህርይ የሚመነጭ ነው። በግብር ይግባኝ፣ በካሳ፣ በጉምሩክና በወንጀል ጉዳዮች ከተከራካሪዎቹ አንዱ መንግሥት ነው። ዛሬ በችሎት ፊት ቀርቦ የሚከራከረው አካል ነገ የዳኛውን ደመወዝ ለመጨመር፣ ለመቀነስ ወይም ባለበት እንዲቆይ ለማድረግ ያልተገደበ ሥልጣን ካለው፣ ውሳኔው የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን ባለጉዳዩ በጥርጣሬ ሊመለከተው ይችላል።

በሌላ በኩል ዳኞች የራሳቸውን ደመወዝ ራሳቸው እንዲወስኑ ማድረግም ተቀባይነት የለውም። ማንም ሰው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ፍርድ ቤቶች ራሳቸው የሚሠሩበት መርህ ነው። የሚከፈለውም ገንዘብ የሕዝብ በመሆኑ በአጠቃቀሙ ላይ የመወሰን ሥልጣን የሕዝብ እንደራሴዎች ነው። በመሆኑም አገሮች በእነዚህ ሁለት መርሆዎች መካከል አስታራቂ መንገድ ለመፈለግ ተገድደዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቀበላቸው የዳኝነት ነጻነት መሠረታዊ መርሆዎች የዳኞች የሥራ ዘመን፣ በቂ ክፍያ፣ የአገልግሎት ሁኔታና ጡረታ በሕግ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ይሁንና ክፍያው በማንና በምን ሥርዓት እንደሚወሰን በዝርዝር አላስቀመጡም። ይህ ለየአገሩ የተተወ ነው። የአገሮች ልምድ ሲታይ መልሱ በአመዛኙ በሦስት መንገዶች የሚጠቃለል ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ደመወዝ እንዳይቀነስ በሕገ መንግሥት መከልከል ነው። ሁለተኛው ደመወዙን ከአንድ የኢኮኖሚ መለኪያ ጋር ማያያዝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጉዳዩን ለገለልተኛ ኮሚሽን መስጠት ነው። (ከዚህ በታች ኢትዮጵያን ከሚመለከተው ክፍል በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያው መንገድ ዋነኛዋ ምሳሌ አሜሪካ ናት። በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ከዘረዘራቸው አቤቱታዎች አንዱ ንጉሡ የዳኞችን የሥራ ዘመንና የደመወዛቸውን መጠንና አከፋፈል በራሱ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት አድርጓል የሚል ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም ይኸው ጉዳይ ተነስቷል። በረቂቁ የዳኞች ደመወዝ በሥራ ዘመናቸው ሊቀነስም ሊጨመርም እንደማይችል ሰፍሮ ነበር። ጭማሪው መከልከል የለበትም የሚሉት የጉባኤው አባላት የገንዘብ ዋጋና የኑሮ ሁኔታ እንደሚለዋወጥ በማንሳት ተከራከሩ። ጄምስ ማዲሰን በበኩሉ ዳኞች ጭማሪ ለማግኘት ሲሉ ሕግ አውጪውን ደጅ እንዳይጠኑ ስለሠጋ፣ የገንዘብ ዋጋ መለዋወጥን ለመቋቋም ደመወዙን ከስንዴ ወይም ዋጋው ከማይዋዥቅ ሌላ ነገር ጋር ማያያዝ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። በመጨረሻ የጸደቀው አንቀጽ መቀነስን ብቻ ከለከለ፤ መጨመርን ለኮንግረስ ተወ።

በዚያን ጊዜ የተነሳው ሥጋት መሠረት የነበረው መሆኑን የኋላ ኋላ የታየው ሁኔታ አረጋግጧል። ሕግ አውጪው ደመወዝ አለመቀነሱ ብቻውን ለዳኛው ዋስትና አይሆንም። ዋጋ እየናረ ደመወዝ ባለበት ሲቆም ውጤቱ ከቅነሳ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ማንም ባለሥልጣን ለቅነሳው ፊርማውን ያላኖረ መሆኑ ነው።

ኮንግረስ በ1989 ባወጣው ሕግ የፌዴራል ዳኞች ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ ሊያገኙ የሚችሉትን ገቢ ገደበ። በአንጻሩም የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ለሌሎች የፌዴራል ሠራተኞች በሚሰጥበት ጊዜ ለዳኞችም እንዲሰጥ ወሰነ። ይሁንና በ1990ዎቹ ውስጥ በተለያዩ ዓመታት ማስተካከያው እንዳይከፈል አገደ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ የ2006 ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ያዋሉት ለዚሁ ለደመወዝ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁኔታው የሕገ መንግሥት ቀውስ ደረጃ ላይ መድረሱን ገልጸዋል። በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰኑ ዳኞች ያቀረቡትን ክስ ተቀብሎ፣ በሕግ በግልጽ ቃል የተገባን ማስተካከያ መልሶ መንፈግ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለውን ቅነሳ የሚያስከትል ነው ሲል ፈረደ። ከዚህም በኋላ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ዓመታዊ ደመወዝ ከ174,000 ዶላር በ2014 ወደ 199,100 ዶላር ከፍ እንዲል ተደርጓል።

የኒውዮርክ ግዛት ሁኔታ ከዚህም የከፋ ነበር። በግዛቲቱ የዳኞች ደመወዝ በ1999 ከተጨመረ በኋላ ለ13 ዓመታት ያህል ባለበት ቆሟል። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ዳኞች ጭማሪ እንደሚገባቸው በመርህ ደረጃ አልተቃወሙም ነበር። ይሁን እንጂ የዳኞችን ጭማሪ ከራሳቸው የደመወዝ ጭማሪና ከሌሎች የፖለቲካ ድርድሮች ጋር በማያያዛቸው ጉዳዩ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ቆየ። ዳኞቹ በዚህ ምክንያት ባቀረቡት ክስ ላይ የግዛቲቱ ከፍተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 ውሳኔ ሰጥቷል። በውሳኔውም የዳኞችን ደመወዝ ከዳኝነት ሥራ ጋር ግንኙነት ከሌላቸው ጉዳዮች ጋር ማያያዝ የሥልጣን ክፍፍል መርህን የሚጥስ መሆኑን ገለጸ። ፍርድ ቤቱ ይህን ያህል ይጨመር ብሎ አላዘዘም። የደመወዙን መጠን መወሰን የሕግ አውጪው ሥልጣን መሆኑን ጠብቆ፣ ጉዳዩ በራሱ ሚዛን እንዲታይ ብቻ አስገድዷል።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪ በዚያው ዓመት በየአራት ዓመቱ የሚቋቋም ሰባት አባላት ያሉት ኮሚሽን እንዲኖር ሕግ አወጣ። ከአባላቱ ሦስቱን የግዛቲቱ አስተዳዳሪ፣ ሁለቱን የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ አንድ አንዱን ደግሞ የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች ይሰይማሉ። የሕጉ ዋነኛ አዲስ ነገር የኮሚሽኑ የውሳኔ ሐሳብ ምክር ቤቱ በሌላ ሕግ ካልለወጠው በስተቀር የሚጸና መሆኑ ነው። ቀደም ሲል ዝም ማለት ጭማሪን የሚያስቀር ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን ዝም ማለት ጭማሪውን የሚያጸድቅ ሆነ። በዚህም መሠረት የመጀመሪያው ኮሚሽን በ2011 ባቀረበው የውሳኔ ሐሳብ የግዛቲቱ ዋና የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ዓመታዊ ደመወዝ ከ136,700 ዶላር ተነስቶ በሦስት ደረጃዎች በ2014 ወደ 174,000 ዶላር አድጓል።

ተመሳሳይ ችግር በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት የዳኞች ደመወዝ እነርሱን በሚጎዳ መልኩ እንዳይለወጥ ይደነግጋል። ይሁንና በ2008 የተወሰነው የክፍያ መጠን በዋጋ ንረት እየተሸረሸረ ለዓመታት ሳይሻሻል ከቆየ በኋላ፣ በነሐሴ 2024 በወጣ ሕግ በአንድ ጊዜ የ300 በመቶ ጭማሪ ማድረግ አስፈልጓል። በኢንዶኔዥያም ደመወዛቸው ከ2012 ጀምሮ ሳይሻሻል የቆየባቸው ዳኞች በጥቅምት 2024 ለአምስት ቀናት በአንድነት የዕረፍት ፈቃድ በመውሰድ ቅሬታቸውን ገልጸዋል። መንግሥት በዚያው ወር ደመወዛቸውን የሚያሻሽል ደንብ አውጥቷል። በእነዚህ አገሮች በመጨረሻ ማስተካከያ መደረጉ በበጎ የሚታይ ነው። ነገር ግን ዳኛ ችሎቱን ትቶ ደመወዝ ጠያቂ እንዲሆን የሚያስገድድ ሁኔታ ሲፈጠር በባለጉዳዩ ላይ የሚደርሰው የቀጠሮ መጓተት ሳያንስ፣ ዳኛውንም ከመንግሥት ጋር በድርድር የሚያቀመጥ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ማዲሰን በስንዴ አስመስሎ ካቀረበው ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። በፖላንድ የዳኛ መነሻ ደመወዝ በአገሪቱ አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ በሕግ በተቀመጠ ብዜት ይሰላል። ሥርዓቱ ድርድርን የሚያስቀርና አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ጠቀሜታው ግልጽ ነው። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ስሌቱን ያስቀመጠው ተራ ሕግ በመሆኑ ሌላ ተራ ሕግ ሊያግደው ይችላል። በፖላንድም ለ2023 የወጣው ሕግ መደበኛውን መነሻ በሌላ መነሻ በመተካቱ ዳኞች ክስ መሥርተዋል።

ጉዳዩን ከሊቱዌኒያ ዳኞች ተመሳሳይ ክርክር ጋር አጣምሮ የተመለከተው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በየካቲት 2025 ውሳኔ ሰጥቷል። በውሳኔው መሠረት ሕግ አውጪውና አስፈጻሚው የዳኞችን ደመወዝ መወሰናቸው በራሱ ነጻነትን የሚጋፋ አይደለም። ሆኖም የአወሳሰን ሥርዓቱ በሕግ የተመሠረተ፣ ተጨባጭ፣ አስቀድሞ የሚታወቅና ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ከመደበኛው ስሌት መውጣት ቢያስፈልግ እርምጃው በሕዝብ ጥቅም የተደገፈ፣ በዳኞች ላይ ብቻ ያላነጣጠረና ለጊዜው የሚቆይ ሊሆን ይገባል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2018 የፖርቹጋል ዳኞች በበጀት ቀውስ ወቅት የተደረገባቸውን ጊዜያዊ ቅነሳ ተቃውመው ባቀረቡት ጉዳይ፣ ቅነሳው ሌሎች የመንግሥት ኃላፊዎችንና ሠራተኞችንም የሚመለከት ስለነበር የዳኝነትን ነጻነት አልጣሰም ማለቱ ይታወሳል።

ጀርመን ለመለኪያው ጥያቄ የተለየ መልስ ሰጥታለች። በ2006 በተደረገው የፌዴራል ሥርዓት ማሻሻያ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ዳኞች ደመወዝ የመወሰን ሥልጣን አገኘ። ከዚህም በኋላ ሀብታምና ድሃ ክልሎች በሚከፍሉት ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ መጣ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ውሳኔ አምስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ። የዳኞች ደመወዝ ዕድገት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኅብረት ስምምነት ከሚወሰነው ደመወዝ፣ ከአጠቃላይ የደመወዝ ዕድገትና ከሸማቾች ዋጋ አንጻር ይመዘናል። በዚያ ውሳኔ መሠረት በተጨማሪም በክልሉ ካሉ ሌሎች እርከኖች እንዲሁም ከሌሎች ክልሎችና ከፌዴራሉ መንግሥት ክፍያ ጋር ይነጻጸር ነበር። ከአምስቱ በሦስቱ ጉልህ ጉድለት ከታየ ደመወዙ ሕገ መንግሥቱን አያሟላም የሚል ግምት ይወሰድ ነበር። በዚህ መሠረት የዛክሰን አንሃልት ክልል ከ2008 እስከ 2010 የከፈለው፣ በ2020 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ ደግሞ የበርሊን ክልል ከ2009 እስከ 2015 የከፈለው የዳኞች ደመወዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። በጀርመን አሠራር ክልሉ ይወስናል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ውሳኔው ከተወሰነ ወለል በታች መውረድ አለመውረዱን በቁጥር ይመረምራል።

ሦስተኛው መንገድ በካናዳ በስፋት ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የካናዳ ክፍላተ ሀገራት የበጀት ጉድለታቸውን ለማጥበብ ሲሉ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ ቀንሰው ነበር። የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ክፍለ ሀገር በ1994 ያደረገው የ7.5 በመቶ ቅነሳ ዳኞችንም ያካተተ ነበር። በአልበርታና በማኒቶባም ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ፍርድ ቤት የመጣው በዳኞች በኩል ብቻ አልነበረም። በአልበርታ በወንጀል የተከሰሱ ሰዎች ደመወዙ በመንግሥት ፈቃድ የሚቀነስ ዳኛ ነጻ ሆኖ ሊያየን አይችልም በማለት ተከራክረዋል። ይህም የዳኛ ደመወዝ በመጨረሻ የባለጉዳዩ መብት ጉዳይ መሆኑን በተጨባጭ ያሳየ ነበር።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 1997 በሰጠው ውሳኔ የዳኞች ደመወዝ ሊጨመርም፣ ሊቀነስም፣ ባለበት እንዲቆይም ሊደረግ እንደሚችል ተቀብሏል። ነገር ግን ከማናቸውም ለውጥ በፊት ጉዳዩ በገለልተኛ፣ ውጤታማና ተጨባጭ መረጃን በሚከተል ኮሚሽን መታየት እንዳለበት አስገድዷል። ዳኞችና መንግሥት በደመወዝ ጉዳይ እንደ አሠሪና ሠራተኛ እንዳይደራደሩም ከልክሏል። የኮሚሽኑ ሐሳብ መንግሥትን በግዴታ የሚያስር አይደለም። መንግሥት ሐሳቡን ካልተቀበለ ግን ምክንያቱን በይፋ መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ምክንያቱም በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። በፌዴራል ደረጃ ያለው ኮሚሽን በየአራት ዓመቱ ክለሳ የሚያደርግ ሲሆን ሦስት አባላት አሉት። አንዱ በዳኞች፣ አንዱ በፍትሕ ሚኒስትሩ የሚታጩ ሲሆኑ ሰብሳቢውን ሁለቱ በስምምነት ይመርጣሉ። በክለሳዎቹ መካከል ባሉት ዓመታትም ደመወዙ በአገሪቱ የደመወዝ ዕድገት መለኪያ መሠረት ይስተካከላል።

በአፍሪካም ይህን መንገድ የተከተሉ አገሮች አሉ። የጎረቤት አገር ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የደመወዝና ክፍያ ኮሚሽን ያቋቋመች ሲሆን፣ የዳኞች ክፍያ እነርሱን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥም ደንግጋለች። በደቡብ አፍሪካ የዳኞች ደመወዝ እንዳይቀነስ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ሲሆን፣ ጭማሪን በተመለከተ የመንግሥት ኃላፊዎችን ክፍያ የሚያጠና ገለልተኛ ኮሚሽን ሐሳብ ያቀርባል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ሌላው ዐቢይ ጥያቄ አገር ችግር ላይ ስትወድቅ ዳኞች ሸክሙን ሊጋሩ አይገባም ወይ የሚለው ነው። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት የዳኞችን ደመወዝ በሥራ ዘመናቸው መቀነስን ሙሉ በሙሉ ይከለክል ነበር። አገሪቱ በፋይናንስ ቀውስ ተመትታ በ2009 በመንግሥት ሠራተኞች ላይ የጡረታ መዋጮ ቅነሳ ስትጥል ዳኞች በዚሁ ክልከላ ምክንያት ከቅነሳው ውጪ ሆኑ። በፈቃደኝነት የከፈሉ ዳኞች ቢኖሩም በሕዝቡ ዘንድ የተፈጠረው ቅሬታ አልበረደም። በጥቅምት 2011 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ከ79 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ደገፉ። በማሻሻያው መሠረት የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ክፍያ በሕዝብ ጥቅም ምክንያት ሲቀነስ የዳኞችም በተመጣጣኝ ሊቀነስ ይችላል። የአየርላንድ ልምድ እንደሚያሳየው ለዳኛ የሚሰጥ ጥበቃ ሕዝቡ ከሚሸከመው ችግር ጨርሶ የሚነጥለው ከሆነ፣ ሊያስጠብቀው የተፈለገውን አመኔታ መልሶ ሊጎዳ ይችላል።

ከእነዚህ ልምዶች ሲጠቃለል ሦስቱም መንገዶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ምሉዕ አለመሆናቸውን መገንዘብ ይቻላል። የቅነሳ ክልከላ በይፋ ከሚደረግ በቀል ይጠብቃል፤ ከዋጋ ንረት ግን አይጠብቅም። መለኪያ ከዋጋ ንረት ይጠብቃል፤ በበጀት ሕግ ግን ሊታገድ ይችላል። ኮሚሽን ሁለቱንም ሊያመዛዝን ይችላል፤ ሆኖም ሐሳቡ መልስ ሳያገኝ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ከሆነ ትርጉም አይኖረውም። በተሻለ ሁኔታ የሠሩት ሥርዓቶች ሦስት ነገሮችን ያጣመሩ ናቸው። እነርሱም በሕግ የታወቀ የክለሳ ጊዜ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አጥኚ አካል፣ እንዲሁም ሐሳቡን ያልተቀበለ ባለሥልጣን ምክንያቱን በይፋ የመግለጽ ግዴታ ናቸው።

የሥርዓቱን አስፈላጊነት አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር አስቀምጠውታል። በአግባቡ የተወሰነ ትልቅ ቅነሳ ዳኝነትን ላያናጋ ይችላል። ያለ ምክንያትና ያለ ሥርዓት የተደረገ ትንሽ ቅነሳ ግን ዳኛውንም ባለጉዳዩንም ያስጠረጥራል።

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኞች ተግባራቸውን በሙሉ ነጻነት እንደሚያከናውኑ፣ በሕግ ከተመለከቱት ምክንያቶች በስተቀር ከጡረታ ዕድሜያቸው በፊት ከፈቃዳቸው ውጪ ከሥራ እንደማይነሱ ይደነግጋል። የበጀት ጉዳይን በሚመለከትም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንደሚያስወስንና ሲፈቀድም እንደሚያስተዳድር ተመልክቷል። የክልል ፍርድ ቤቶች በጀት በየክልሉ ምክር ቤት የሚመደብ ሲሆን፣ የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የዳኝነት ሥልጣንን ደርበው ለሚሠሩበት በፌዴራል በኩል ማካካሻ እንደሚሰጥ ሕገ መንግሥቱ ያመለክታል።

እነዚህ ድንጋጌዎች የሥራ ዘመንንና የተቋሙን በጀት የሚመለከቱ ናቸው። አንቀጹ የእያንዳንዱን ዳኛ ደመወዝ መጠንም ሆነ የክለሳ ጊዜ በዝርዝር ስለማያነሳ ጉዳዩ በሌሎች ሕጎችና ውሳኔዎች የሚመራ ነው። የፌዴራል ሥርዓት በሚከተል አገር የጀርመን ልምድ የሚያስነሳው ጥያቄም ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነው። ዳኞች በተለያዩ ምክር ቤቶች በሚመደብ በጀት ሲከፈላቸው፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ዳኞች ክፍያ በምን ያህል ሊለያይ ይገባል የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የበጀት ባለሙያ፣ የምክር ቤት አባል ወይም የፍርድ ቤት አስተዳዳሪ የዳኞችን ደመወዝ የሚመለከት ሰነድ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ከመጠኑ ጎን ለጎን ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቀጣዩ ክለሳ መቼ እንደሆነ በሕግ ይታወቃል ወይ? ጥናቱን የሚያካሂደው ማን ነው? ሐሳቡ ውድቅ ቢደረግ ምክንያቱን የመግለጽ ኃላፊነት የማን ነው? በኒውዮርክ 13 ዓመት የፈጀው ዝምታ የቀጠለው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሕግ ባለመኖሩ ነበር። መልሱ በሕግ ከተቀመጠ በኋላ ግን የመጀመሪያው ኮሚሽን ሥራውን ለማጠናቀቅ ወራት ብቻ በቅተውታል።